ምዕራፍ 7፦ ከፖሊሹ በፊት ያለችው ደቂቃ

አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ከጋራዥ ሲወጣ ምስጋናውን የሚወስደው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው እጅ ነው። መኪናው ማብረቅረቅ የጀመረው መወልወያ ማሽኑ ሲዞርበት ስለሆነ ብልጭታውን የሠራው ማሽኑ ይመስላል። ከዚህም የተነሣ ርጭቱ ቢበላሽ «ግዴለም፣ ፖሊሽ ያስተካክለዋል» የሚል እምነት በብዙ ጋራዦች ሥር ሰዷል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር በተቃራኒው የቆመ ነው። የመኪና ቀለም መልኩ በአብዛኛው የሚወሰነው ቀለሙ ከመርጫው ወጥቶ፣ በአካሉ ላይ አርፎ መፍሰስ እስኪያቆም ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ፖሊሽ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቅነሳ ነው፤ ማሽኑ በዞረ ቁጥር ከቀለሙ ይወስዳል እንጂ አይጨምርበትም። መርጫውን ለማስተካከል ያልተሰጠችው አንዲት ደቂቃ በኋላ ከቀለሙ ውፍረት ላይ ተቆርጣ ትከፈላለች።

በፖሊሽ ማመኑ እንዲያው ከሜዳ የበቀለ አይደለም፤ በአንድ ዘመን እውነት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመኪና አካል በብሩሽ ቫርኒሽ እየተቀባ፣ እያንዳንዱ ንብር እስኪደርቅ እየተጠበቀ፣ ሥራው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በቶሌዶ ከተማ፣ ሐኪሙ አለን ዴቪልቢስ በሕሙማን ጉሮሮ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ልጁ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1907 ያንኑ ሐሳብ ወደ ቀለም መርጫ አሸጋገረው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዱፖንትና ጄኔራል ሞተርስ «ዱኮ» የተባለውን የኒትሮሴሉሎስ ቀለም አመጡ፤ የ1924 ሞዴል ኦክላንድ መኪኖች በእሱ ተቀብተው ለገበያ ቀረቡ። ኒትሮ የሚደርቀው ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ያም በጣም በፍጥነት ይሆናል። ቀለሙ ራሱን አስተካክሎ ለመተኛት ጊዜ ስለማያገኝ ገጹ ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ በኒትሮ ዘመን ማሸትና መወልወል የቅቡ አንድ ክፍል ነበር፤ ያልተወለወለ መኪና ያላለቀ መኪና ነበር። ዛሬ በየጋራዡ ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ግልጽ ንብር፣ ክሊር፣ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ከማጠንከሪያው ጋር ተደባልቆ በኬሚካል ትስስር ይጠነክራል፤ ከመጠንከሩ በፊት ለደቂቃዎች እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በራሱ ይለሰልሳል፣ በራሱም ያበራል። ቀለሙ ከተለወጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ልማዱ ግን በኒትሮ ዘመን ላይ እንደቆመ ነው።

ክርክሩ የሚካሄደው ምን ያህል ጠባብ በሆነ ሜዳ ላይ እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ከብረቱ በላይ ያለው የቀለም ንብር ሁሉ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከዚያ ውስጥ ላይኛው ክሊር ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ቢይዝ ነው። አንድ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል ብንል፣ መኪናውን ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከአቧራ የሚጠብቀው ክሊር ከአንድ ፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው። የቀቢው ጥበብም፣ የወልዋዩ ስህተትም በዚህች ፀጉር በማታህል ንብር ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ ገጹ የሚለሰልሰው ወይም የሚሻክረው በምን ነው? መርጫ ቀለሙን እንደ ቅጠል አያለብሰውም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጠብታዎችን ነው የሚወረውረው። ጠብታዎቹ ካረፉ በኋላ ገጹ ጉብታና ጎድጓዳ ይሆናል። ይህ ሞገድ ሳይጠፋ ቀለሙ ከጠነከረ ባለሙያዎች «የብርቱካን ልጣጭ» የሚሉት መልክ ይወጣል፤ በገጹ ላይ የሚንጸባረቀው የመብራት መስመር እንደ እባብ ሲጥመለመል የሚታየው በዚህ ነው። ሞገዱን የሚያጠፋው የቀለሙ የገጽ ውጥረት ነው፤ እንደ ተወጠረ ቆዳ ጉብታውን ወደ ታች ይጫነዋል። ኤስ. ኢ. ኦርቻርድ የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህ መስተካከል በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሆን በቀመር አስቀምጦታል። ቀመሩ ሁለት አስገራሚ ነገሮችን ይናገራል። አንደኛ፣ የንብሩ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር መስተካከሉ 8 ጊዜ ይፈጥናል። ሁለተኛ፣ ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው ያለው ርቀት በእጥፍ ሲሰፋ መስተካከሉ 16 ጊዜ ይዘገያል። ርቀቱ 4 እጥፍ ከሆነማ መዘግየቱ 256 ጊዜ ይደርሳል። ደቃቅ ጠብታ የሚሠራው ጥቃቅን ሞገድ በሴኮንዶች ሊጠፋ ሲችል፣ ትልልቅ ጠብታ የሚተወው ሰፊ ሞገድ ክሊሩ እስኪጠነክር ድረስ እዚያው ተገትሮ ይቀራል ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ ወፈር አድርጎ መርጨት አይሻልም? ይህን ብዙ ጀማሪ ቀቢ ይሞክረዋል፤ በር ላይ ያለው ክሊር እንደ እንባ ሲወርድ ያን ጊዜ መልሱን ያገኛል። በቆመ ገጽ ላይ ቀለሙን ወደ ታች የሚስበው ክብደቱ ነው፤ ወደ ታች የሚፈሰው የቀለም መጠንም ልክ እንደ መስተካከሉ ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር 8 ጊዜ ይጨምራል። ቲነር አብዝቶ ማቅጠንም ያው ነው፤ ቀለሙ ቶሎ ይስተካከላል፣ በዚያው ልክ ቶሎ ይወርዳል። እዚህ ላይ የነገሩ ቁልፍ ይገኛል። የንብሩ ውፍረትና የቀለሙ ቅጥነት ጥቅሙንም ጉዳቱንም እኩል ያሳድጋሉ፤ በአንድ እጅ ሰጥተው በሌላው ይወስዳሉ። ቀለሙ እንዲወርድ ሳያደርግ መስተካከሉን ብቻ የሚያፈጥነው የሞገዱ ጥበት ነው። የቀለም አምራቹ በቅመሙ ውስጥ የሚጨምራቸው ረዳቶች ቢኖሩም እነሱ ቆርቆሮው ሲከፈት ያለቁ ነገሮች ናቸው። በቀቢው እጅ ያለው የጠብታው ደቃቅነትና እኩልነት ነው፤ እሱም ከመርጫው ማስተካከያ ነው የሚመጣው።

መርጫው ሦስት ማስተካከያዎች አሉት፤ የቀለሙን መጠን የሚወስነው መርፌ፣ የርጭቱን ስፋት የሚወስነው ቁልፍና የአየሩ ግፊት። ከእነዚህ በፊት የአፍንጫው ቀዳዳ ለሥራው የሚስማማ መሆን አለበት፤ ለክሊር ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራም ለሆነው ፕራይመር ከ1.6 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ሦስቱ ማስተካከያዎች እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸውና አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው አያዋጣም፤ መርፌውን ከፍቶ ብዙ ቀለም የለቀቀ ሰው ያንን ቀለም የሚያደቅቅ አየር መጨመር አለበት። ሚዛኑ መጠበቁን የሚያሳየው ፈተና ደግሞ አንድ ወረቀት ብቻ ይጠይቃል። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ርጭቱ አግድም እንዲተኛ የአየር ቆቡ ሩብ ዙር ይዞራል፤ ከዚያ እጅ ሳይንቀሳቀስ ምላጩ ተስቦ ቀለሙ መውረድ እስኪጀምር ይያዛል። የሚወርዱት መስመሮች ከዳር እስከ ዳር እኩል ከረዘሙ ሚዛኑ ደህና ነው። መሃሉ ላይ ያሉት ከረዘሙ ቀለሙ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ሁለቱ ጫፎች ረዝመው መሃሉ ከሳሳ ደግሞ አየሩ ለቀለሙ በዝቷል። ርጭቱ ወደ አንድ ወገን እንደ ሙዝ ከጎበጠ አንድ ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ቆቡ ግማሽ ዙር ሲዞር ጉብጠቱ አብሮት ከዞረ ጥፋቱ የቆቡ ነው፣ ባለበት ከቀረ የአፍንጫው ነው። መለኪያው ላይ ያለው ግፊትም መነበብ ያለበት ምላጩ ተስቦ አየሩ እየወጣ ሳለ ነው፤ በቀጭንና በረጅም ጎማ ውስጥ የሚያልፍ አየር ከኮምፕሬሰሩ ሲወጣ የነበረውን ግፊት ይዞ መርጫው ጋ አይደርስም።

«ጠብታ መድቀቁ ከጠቀመ፣ ግፊቱን እስከ መጨረሻው መክፈት ነዋ!» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ምክንያታዊ ይመስላል፤ የሚዘነጋው ጠብታው በአየር ላይ የሚያደርገውን ጉዞ ነው። የአንድ ጠብታ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ያው ቀለም 8 ጠብታ ይሆናል፣ ለአየር የተጋለጠው ገጽም በእጥፍ ይጨምራል። ቲነሩ ከዚያ ገጽ ነው የሚተነው። ከልክ በላይ የደቀቀ ጠብታ አካሉ ላይ ሲደርስ ግማሽ በግማሽ ደርቆ ይደርሳል፤ እርጥበት ስለሌለው አይዋሃድም፣ እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። የሚበዛው አየርም ከገጹ ላይ እየነጠረ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ዝቅተኛ ግፊትና ብዙ አየር የሚጠቀሙት መርጫዎች የተስፋፉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቆቡ ላይ ያለው ግፊት ከ0.7 ባር እንዳይበልጥ ተደርገው ይሠራሉ፣ በካሊፎርኒያ የአየር ጥራት ደንብም ቢያንስ 65 በመቶው ቀለም ገጹ ላይ እንዲያርፍ ይጠበቃል። ቀሪው ጉም ሆኖ ጋራዡን ይሞላል። በማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት አስም የሚያስይዝ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ተራ የወረቀት ጭንብልም አያግደውም። ስለዚህ ትክክለኛው ግፊት ከፍተኛው ሳይሆን ዝቅተኛው በቂ ግፊት ነው፤ ከዝቅተኛው ተነሥቶ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ጠብታ መድቀቁን ሲያቆም እዚያው መቆም ነው።

መርጫው ሲስተካከል የተገኘውን ሚዛን እጅ ሊያፈርሰው ይችላል። ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ መርጫው ለገጹ ቀጥ ብሎ፣ እያንዳንዱ ምልልስ የቀደመውን በግማሽ እየደረበ መሄድ እንዳለበት ማንኛውም ቀቢ ያውቃል። ለምን እንደሆነ ግን ቀመሩ በደንብ ይናገራል። እጁ በእጥፍ የፈጠነ ሰው በግማሽ የቀጠነ ንብር ይተዋል፤ ያም ንብር በ8 እጥፍ ዘግይቶ ይስተካከላል። በምልልሱ ጫፍ ላይ አንጓውን የሚያጥፍ ሰው መሃሉን አርጥቦ ዳሩን ያደርቃል፤ አንዱ በር በራሱ ላይ ሁለት ዓይነት ገጽ ይይዛል። የአየሩ ጠባይም ከእጁ እኩል ይቆጠራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ ታንኩን ለመሙላት ይበልጥ ይለፋል፤ አየር በብዛት ለሚጠጣ መርጫ አቅሙ ያጥረዋል። በሳሳ አየር የቲነሩ ትነት ይፈጥናል፣ የጠዋቱ ብርድ ያዘገየዋል፣ የቀትሩ ፀሐይ መልሶ ያጣድፈዋል። ለቆላ የተጻፈ የቲነር ምርጫ በደጋ እንዳለ አይሠራም፤ ለጠዋት የተቀመመውም ለቀትር ላይሆን ይችላል። ይህን የሚፈርደውም ያው ወረቀት ነው።

ይህ ሁሉ ካልተሳካ ፖሊሹ ምን ሊያደርግ ይችላል? ለስላሳ ፓድ የገጹን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል። ጉብታው ላይ ይወጣል፣ ጎድጓዳው ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱንም ያበራቸዋል፣ ግን አያስተካክላቸውም። በማሽን ብቻ የተወለወለ የብርቱካን ልጣጭ የሚያብረቀርቅ የብርቱካን ልጣጭ ሆኖ ይቀራል። ሞገዱን ለመቁረጥ ጠጣር መደገፊያ ያለው የብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ብርጭቆ ወረቀቱም ጉብታውን እስከ ጎድጓዳው ወለል ድረስ መላጥ አለበት። እንበል ክሊሩ 50 ማይክሮን ነው፣ የሞገዱም ጥልቀት 10 ማይክሮን። ጉብታው ሲላጥ ያ 10 ማይክሮን ሄደ። ብርጭቆ ወረቀቱ የተወውን ጭረት ለማጥፋት ሻካራ መወልወያ በሆነው ኮምፓውንድና በፖሊሽ ሌላ 3 ወይም 4 ማይክሮን ይሄዳል። ከክሊሩ ሩብ ያህሉ፣ መኪናው ገና አንድ ቀን ሳይነዳ፣ በአቧራነት ተጠርጎ ወጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በወረቀቱ ፈተና ላይ የተቆጠበችው ደቂቃ ሙሉ ቀን ሆና መጣች፣ ከዚያም በላይ ሊመለስ የማይችል ክሊር ይዛ ሄደች።

ይህ ማለት መወልወል ጥበብ የለውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የሚቀንስ ሥራ ስለሆነ ጥንቃቄው የባሰ ነው። ዓላማው ጭረቱን የብርሃን ሞገድ ሊለየው ከማይችለው መጠን በታች ማሳነስ ነው፤ የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮን ነውና። ስለዚህ ከ1500 ወደ 2000፣ ከ2000 ወደ 3000 ቁጥር ወረቀት መውረድ የግድ ነው፤ አንድ ደረጃ የዘለለ ሰው የቀረውን ጭረት በኮምፓውንድ ለማጥፋት ይታገላል፣ ኮምፓውንዱ ደግሞ ሙቀት ይወልዳል። ሙቀቱ ከግፊቱና ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ማሽኑን አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ማቆየት ክሊሩን ያለሰልሰዋል፣ ያቃጥለዋልም። በጣም የሚያሰጋው ጠርዝ ነው። የገጽ ውጥረት እርጥቡን ቀለም ከሹል ጠርዝ ስለሚስበው ክሊሩ እዚያ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነው፤ ፓዱ ግን ክብደቱን ሁሉ የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ጠርዝ በቴፕ ይሸፈናል፣ ፓዱም ከጠርዙ ወደ ውጭ እንዲዞር ይያዛል። ጊዜም አለው። ቲነሩ ከውስጡ ሳያልቅ የተወለወለ ክሊር ለዕለቱ መስታወት ይመስላል፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ቀሪው ቲነር ሲወጣ ገጹ ይሰምጣል፣ ይደበዝዛልም። በኮምፓውንዱ ውስጥ ያለው ቅባትም ጭረቱን ሞልቶ ዓይን ያታልላል፤ እውነቱ የሚታየው ገጹ በአልኮል ከተጠረገ በኋላ ነው።

ለዚህ ክርክር ሦስት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው የኤግዚቢሽን መኪኖችን ይጠቅሳል። በዓለም ላይ እጅግ የሚያበሩት መኪኖች ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ተላጥተው የተወለወሉ ናቸው፤ ታዲያ ፖሊሽ ዋናው አይደለምን? እውነት ነው ይላጣሉ፤ ነገር ግን የሚላጠው ክሊር አስቀድሞ ታስቦበት በትርፍ ንብሮች የተረጨ ነው። ቅነሳው በርጭቱ ጊዜ ተቆጥሯል። የተለመደውን ሁለት ንብር ረጭቶ እንደዚያ የሚልጥ ጋራዥ የሌላውን ሰው ወጪ እንጂ ተቀማጩን አልኮረጀም። ሁለተኛው ተቃውሞ የአቧራ ነው፤ የተዘጋ የመርጫ ክፍል በሌለበት ግቢ ውስጥ ብናኝ ማረፉ አይቀርምና ፖሊሽ ግዴታ ነው ይላል። ብናኙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብናኝ ነጥብ ነው፣ የብርቱካን ልጣጭ ግን ሙሉ ገጽ ነው። ነጥብ በትንሽ ብርጭቆ ወረቀት ተነክቶ፣ የእጅ መዳፍ በሚያህል ቦታ ተወልውሎ ይጠፋል። ወለሉን አርጥቦ፣ ቀለሙን አጥልሎ፣ አካሉን በሚያጣብቅ ጨርቅ ጠርጎ የረጨ ሰው የሚነካቸው ነጥቦች ጥቂት ናቸው። ለጥቂት ነጥብ ሲባል መኪናውን በሙሉ መላጥ ለቁንጫ ብሎ ቤት ማቃጠል ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ብልህ ነው። ከፋብሪካ የሚወጡት መኪኖች ራሳቸው ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ አላቸው፤ ታዲያ ስለ ሞገድ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን? መልሱ ክርክሩን ያጠነክረዋል። አንድ በር ተጠግኖ ሲቀባ፣ ጎረቤቱ መከላከያና የኋላው በር የፋብሪካውን ሞገድ እንደያዙ ናቸው። ተላጥቶ እንደ መስታወት የተስተካከለው በር ከሁለቱ መካከል ነጥሎ ይታያል፤ ቀለሙ አንድ ሆኖ ሳለ እንኳ ዓይን «ይህ ተቀብቷል» ይላል። ብርጭቆ ወረቀትና ፖሊሽ ሞገድን ማጥፋት ይችሉ ይሆናል፤ የሚፈለገውን ያህል ሞገድ መሥራት ግን አይችሉም። የፋብሪካውን ገጽ መስሎ መርጨት የሚቻለው በአፍንጫው ልክ፣ በግፊቱ፣ በቲነሩና በእጁ ፍጥነት ነው፤ አሁንም ነገሩ ወደ መርጫው ይመለሳል።

የክሊሩ ውፍረት ለምን እንዲህ እንደሚያሳስብ የሚያስረዳው የመጨረሻው ማስረጃ ከላይ፣ ከሰማይ ነው። ክሊር ከስሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከልል ጃንጥላ ነው፤ ሲሳሳ ጨረሩን የሚያግድበት አቅሙም ይሳሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚቆመው የበለጠ ወፍራም ጃንጥላ ይሻል ማለት ነው። በደጋው ሀገር ሩብ ክሊርን ላጥቶ መጣል፣ ፀሐይዋ በምትበረታበት ቦታ ጃንጥላውን መቅደድ ነው። ጉዳቱም መኪናው ከጋራዡ በወጣ ዕለት አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ ጣሪያውና ኮፈኑ ላይ ክሊሩ እንደ ቅርፊት ሲነሣ ይታያል። ያን ጊዜ ወልዋዩን የሚያስታውሰው የለም፤ የሚወቀሰው የቀለሙ ዓይነት ነው።

ስለዚህ መኪናውን ሊያስቀባ የሚሄድ ሰው የማሽኑን ድምፅ ትቶ ግድግዳውን ቢያይ ይሻላል። መርጫው በሚሰቀልበት አካባቢ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የወረዱ የቀለም መስመሮች ያሉባቸው ወረቀቶች ተለጥፈው ከሆነ፣ እዚያ የሚሠራው ሰው ምላጩን መኪናው ላይ ከመሳቡ በፊት ወረቀቱን የሚጠይቅ ሰው ነው። የእሱ ፖሊሽ አጭር ይሆናል፤ ክሊሩም ከፀጉር የቀጠነ ቢሆንም ሙሉ ሆኖ ከጋራዡ ይወጣል።